ሞያሌ፦ ኬላ የማያግደውን የሳተላይት ድምፅ ማን ያነብበዋል?

በሞያሌ ሰውም ሸቀጥም ድንበር ሲሻገር ይቆጠራል፤ ይፈተሻል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የወቅቱ የኬንያ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራ የድንበር ኬላውን መርቀው ከከፈቱ ወዲህ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ግቢ ውስጥ ሰነድ ይመረምራሉ። ከከተማዋ በላይ በ500 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምታልፍን አንዲት ትንሽ ሳተላይት ግን የሚያስቆማት የለም።

እንዲህ ያለች ሳተላይት ከአድማስ እስከ አድማስ ለመሻገር ቢበዛ 12 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። በዚያች አጭር ጊዜ ስለ ራሷ ትናገራለች፤ ባትሪዋ ምን ያህል ኃይል እንዳለው፣ አካሏ ምን ያህል እንደሞቀ ወይም እንደቀዘቀዘ፣ ኮምፒውተሯ ስንት ጊዜ ተዘግቶ እንደተነሣ ትገልጻለች። ቴሌሜትሪ የሚባለው ይህ ነው። ሳተላይቷ ለአማተር ራዲዮ፣ ማለትም ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርትና ለሙከራ በተከለለው ሞገድ የምትሠራ ከሆነ፣ መልእክቷ ለባለቤቷ ብቻ የሚደርስ አይደለም። አነስተኛ መቀበያና በእጅ የተሠራ አንቴና ያለው ማንኛውም ሰው ሊሰማውና ሊያነብበው ይችላል።

ለድንበር ከተማ ነዋሪ ይህ የቅንጦት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሞያሌ ዙሪያ፣ በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ በኩል፣ የሚኖረው አርብቶ አደር ኑሮ ከህዋ በሚወርድ መረጃ መለካት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጥያቄው መረጃውን የሚያነብበው ማን ነው የሚለው ነው።

በመዳፍ የምትያዝ ሳተላይት

ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሯቸው አብዛኞቹ ትናንሽ ሳተላይቶች 'ኪዩብሳት' ይባላሉ። እአአ በ1999 ሁለት የካሊፎርኒያ መምህራን ተማሪዎቻቸው ከመመረቃቸው በፊት ሠርተው ሊጨርሱት የሚችሉትን ሳተላይት ሲያስቡ ያወጡት መለኪያ ነው። አንዱ ክፍል በሁሉም ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቱም መጀመሪያ በ1 ኪሎ ግራም የተወሰነ ነበር። መጠኑ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ የየትኛውም አገር ሥራ በአንድ ዓይነት ሳጥን ተጭኖ ከትልቅ ሳተላይት ጎን በሮኬት ሊጓዝ ይችላል።

ዝግጅቱ ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም። ሳተላይቷ የሮኬትን መንቀጥቀጥ መቋቋሟ በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ይፈተናል። ከዚያም አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ ትገባና እየሞቀችና እየቀዘቀዘች ትቆያለች። በጉዞው ጊዜ ምንም ዓይነት የራዲዮ ድምፅ እንዳታሰማ ኃይሏ ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል። ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ተጭነው የሚቆዩ ማብሪያ ማጥፊያዎች የሚለቀቁት ወደ ህዋ ስትወረወር ብቻ ነው።

አንቴናዋ ብዙውን ጊዜ ከአናጢና ከልብስ ሰፊ 'ሜትር' ጋር የሚመሳሰል፣ ታጥፎ ሲለቀቅ ራሱን የሚያቀና ስስ ብረት ነው። እንደ ዓሣ ማጥመጃ ባለ ክር ታስሮ ይሄዳል። ህዋ ላይ ከደረሰች በኋላ ትንሽ ማሞቂያ ክሩን አቃጥላ ትበጥሰዋለች። ክሩ ካልተበጠሰ አንቴናው አይዘረጋም፤ አንቴናው ካልተዘረጋ ደግሞ የዓመታት ድካም ድምፅ አልባ ሆኖ ይቀራል። ገና ከመጀመሪያው ዝም ብለው የቀሩ የተማሪ ሳተላይቶች ጥቂት አይደሉም።

ከብረቱና ከሽቦው እኩል የሚከብደው የወረቀት ሥራው ነው። የሞገድ ምርጫው በዓለም አቀፉ የአማተር ራዲዮ ኅብረት በኩል ከሌሎች ጋር ይቀናጃል። ሳተላይቷንም በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዘንድ የሚያስመዘግበው መንግሥት ነው። ስለዚህ ሳተላይት ህዋ ላይ ድንበር ባይኖራትም ምድር ላይ አገር ያስፈልጋታል።

'ሃይ' በማለት ሙቀቷን የተናገረችው

የአማተር ራዲዮ ሳተላይት ታሪክ የሚጀምረው ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት ኦስካር 1 የተባለች 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ሳተላይት ለሌላ ተልእኮ በተዘጋጀ የአሜሪካ ሮኬት ላይ ተጭና መጠቀች። ባትሪዋን የሚሞላ የፀሐይ ኃይል አልነበራትም፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ በላይም አልቆየችም። በሞርስ ምልክት ከምትደጋግመው 'ሃይ' የሚል ሰላምታ በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም።

ሆኖም ሰላምታው መረጃ ያዘለ ነበር። የድግግሞሹ ፍጥነት ከሳተላይቷ የውስጥ ሙቀት ጋር እንዲለዋወጥ ተደርጎ ስለተሠራ፣ አድማጩ ሰዓት ይዞ 'ሃይ' የሚለውን በመቁጠር ብቻ ህዋ ላይ ያለውን ሙቀት ሊያሰላ ይችል ነበር። በ28 አገሮች የሚገኙ ከ570 በላይ የራዲዮ አማተሮች የሰሙትን መዝግበው ልከዋል። ሮኬቱ የኃያል መንግሥት ነበር፤ የመስማቱና የመቁጠሩ ሥራ ግን የበርካታ አገር ተራ ሰዎች ነበር።

ይህ ልማድ ዛሬም ደንብ ሆኖ ቀጥሏል። በዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ መሠረት የአማተር ግንኙነት ትርጉሙን ለመሰወር ተብሎ አይመሰጠርም፤ ሳተላይቷን ለመቆጣጠር የሚላኩ ትእዛዞች ብቻ ከዚህ ነፃ ናቸው። ለንግድ የሚሠሩ ሳተላይቶች መረጃቸውን ቆልፈው ሲያስተላልፉ፣ የአማተር ሳተላይት ግን ሁኔታዋን ለሰማ ሁሉ ገልጣ ትናገራለች።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ከህዋ የሚደርሰው መልእክት ለዓይን የቁጥሮች ሰልፍ ነው። አንዱ ቁጥር ለምሳሌ 182 ቢሆንና የሳተላይቷ ሠሪዎች በ0.02 እንዲባዛ ቢገልጹ፣ ውጤቱ 3.64 ቮልት ይሆናል። አንድ የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ፣ ሲዳከም ደግሞ ወደ 3 ቮልት የሚወርድ በመሆኑ፣ አንባቢው ሳተላይቷ በመካከለኛ ሁኔታ ላይ እንዳለች ይረዳል።

አንድ ቁጥር ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። በዝቅተኛ ምኅዋር ያለች ሳተላይት ምድርን በ95 ደቂቃ ገደማ ትዞራለች፤ ከዚህም ውስጥ ከሲሦ በላይ የሚሆነውን በምድር ጥላ ውስጥ ልታሳልፍ ትችላለች። ጥላ ውስጥ ስትገባ የባትሪው ኃይል ይወርዳል፤ ፀሐይ ስታገኝ ይመለሳል። ከቀን ወደ ቀን የሚመለስበት ከፍታ እየቀነሰ ከሄደ ባትሪው እያረጀ ነው። ከፀሐይ ሰሌዳዎቹ አንዱ ምንጊዜም ዜሮ ካሳየ ተበላሽቷል፤ ወይም ሳተላይቷ ጀርባዋን ብቻ ለፀሐይ ሰጥታ ቆማለች። የኮምፒውተሩ የመነሣት ቁጥር በአንድ ሌሊት ከጨመረ አንድ ነገር እያጠፋው ነው። ብዙ ንባብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ በሽታው ከምልክቱ ይለያል።

መስማቱም የራሱ ጥበብ አለው። ጥሩምባውን እየነፋ በአውራ ጎዳናው የሚያልፍ የጭነት መኪና ሲቀርብ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ሲርቅ እንደሚወፍር ሁሉ፣ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ የምትበር ሳተላይት ሞገድም ይለዋወጣል። በ437 ሜጋኸርዝ የምታስተላልፍ ከሆነ ስትመጣ 10 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍ፣ ስትሄድ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። አድማጩ መቀበያውን በዚያው ልክ እያስተካከለ ይከተላታል። ከአንድ ሮኬት በርካታ ሳተላይቶች አብረው ሲለቀቁ ደግሞ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት የሚረዳው ይኸው የድምፅ ለውጥ ነው።

የመቀበያው ዋጋ በአሁኑ ጊዜ ይህን ሁሉ ተደራሽ አድርጎታል። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ፍላሽ የሚመስል የራዲዮ መቀበያ በ30 እና በ50 ዶላር መካከል ይገኛል። ግሪክ ውስጥ የተመሠረተ አንድ ድርጅት የሚያስተባብረው 'ሳትኖግስ' የተሰኘ መረብ ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀሱ ጣቢያዎችን አገናኝቶ፣ የተሰማውን ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል።

ጂኦግራፊ እዚህ ላይ ለሞያሌ ልዩ ሚና ይሰጣታል። ከዋልታ ወደ ዋልታ የምትዞርን ሳተላይት ዋልታ አጠገብ ያለ ጣቢያ በየዙሩ ሊሰማት ይችላል። በምድር ወገብ አካባቢ ያለ ጣቢያ ግን በ500 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምትበርን ሳተላይት በቀን አራት ጊዜ ገደማ ብቻ ያገኛታል። ጣቢያዎቹ በብዛት የሚገኙት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ስለሆነ፣ በምድር ወገብ አካባቢ የሚጨመር እያንዳንዱ ጆሮ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ሁለት ዋና ከተሞች፣ አንድ ሰማይ

ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ በአየር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሞያሌ አናት ላይ የምታልፍ ሳተላይት ድምፅ በተመሳሳይ ቅጽበት በሁለቱም ከተሞች ይሰማል። የሁለቱ አገሮች የህዋ ጉዞ ግን እስካሁን ጎን ለጎን እንጂ አብሮ አልሄደም።

ኬንያ ከህዋ ጋር ያላት ግንኙነት ቆየት ያለ ነው። በማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው የጣልያን የሳን ማርኮ መድረክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. የኬንያ ነፃነት በሚከበርበት ዕለት የተወነጨፈችው የናሳ ሳተላይት 'ኡሁሩ' ወይም 'ነፃነት' ተብላለች። የኤክስሬይ ጨረርን ከሰማይ ለማጥናት የተላከች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ነበረች። ስሙ ስዋሂሊ፣ መነሻው ኬንያ ቢሆንም ሳተላይቷም መረጃውም የሌላ ነበር።

ኬንያውያን በራሳቸው ስም ህዋ የደረሱት ግንቦት 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከሮማው ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠራት አንድ ክፍል ያላት ኪዩብሳት፣ በተባበሩት መንግሥታትና በጃፓን የህዋ ድርጅት የጋራ ዕድል ከዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ተለቀቀች። ሁለት ዓመት ገደማ ዞራ ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጥላ አልቃለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ 'ታይፋ 1' በአየር ጠባይ ምክንያት ከተራዘመች በኋላ ከካሊፎርኒያ መጥቃለች።

ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ የምትመዝነውን ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለች የምድር ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አመጠቀች። መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነበር። በዓመቱ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አነስ ያለች ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለች፤ እርሷም የመጠቀችው ከቻይና ነው። የአማተር ራዲዮው ጎራ ደግሞ በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ መጠሪያው 'ኢቲ3ኤኤ' የሆነ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለው።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ የህዋ ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤቱን ካይሮ ላይ በይፋ ከፍቷል። አህጉሪቱ ሳተላይት የማምጠቅ ፍላጎቷን በተቋም ደረጃ አጽንታለች ማለት ነው። ነገር ግን የማምጠቂያው ቀን ሥነ ሥርዓት ካለፈ በኋላ የሚቀረው ሥራ የመስማትና የማንበብ ሥራ ነው። ሮኬት በገንዘብ ይከራያሉ፤ ሳተላይትም ይገዛሉ። የንባብ ችሎታ ግን በውል አይረከቡትም።

ከሩቅ የሚነበብ ሳር

ሞያሌ የምትገኝበት የማርሳቢት አውራጃ ይህ ችሎታ ምን ያህል ኑሮን እንደሚነካ ያሳያል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ከአጋሮቹ ጋር በመሆን እአአ በ2010 መጀመሪያ በማርሳቢት፣ በ2012 ደግሞ ከድንበሩ ወዲህ በቦረና አዲስ ዓይነት የእንስሳት መድን ጀምሯል።

መድኑ የሞተ ከብት አይቆጥርም። የሚለካው የግጦሹን አረንጓዴነት ነው። ሳተላይት ከመሬት ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየውን ጨረር ታነጻጽራለች፤ ጤናማ ቅጠል ቀዩን ይውጣል፣ ሌላውን ይመልሳል። የአካባቢው ልኬት ካለፉት ዓመታት አማካይ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ለመድን ገቢው ሁሉ ይከፈላል። የማርሳቢት አርብቶ አደሮች እአአ በ2011ዱ ድርቅ የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀብለዋል።

ለተበታተነ ሕዝብ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ገማች በየበረቱ አይዞርም፤ ማጭበርበርም ይቀንሳል። ድክመቱ የሚገለጠው ልኬቱና ሜዳው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። በቦረና የግጦሽ መሬት ላይ ቁጥቋጦ እየተስፋፋ መምጣቱ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ከህዋ ሲታይ ቁጥቋጦም አረንጓዴ ነው፤ ላም ግን አትበላውም። ሳተላይቷ ልምላሜ ያየችበት ቦታ ላይ አርብቶ አደሩ ከብቱን ሊቀብር ይችላል።

እንዲህ ባለው ጊዜ ቅሬታ ያለው ሰው ምን ይዞ ይከራከራል? ቁጥሩ የወጣው እርሱ ካላያት ሳተላይት፣ በማያውቀው ስሌት፣ በሌላ አገር ኮምፒውተር ነው። ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ወዲህ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከሸፉ በኋላ ጥያቄው የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም። ቁጥርን ማንበብ የማይችል ሰው ቁጥር ሲሳሳት ተሳስቷል ማለት አይችልም።

የአማተር ሳተላይት ትርፍ እዚህ ላይ ነው። ባትሪ 3.64 ቮልት ነው ከሚለው ንባብ እስከ ሳሩ ደርቋል እስከሚለው ንባብ ያለው መንገድ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥሬ ቁጥር፣ ማባዣ፣ ከትናንት ጋር ማነጻጸር፣ ከዚያም መጠራጠር። በአንዱ የሠለጠነ ተማሪ ለሌላው ባይተዋር አይሆንም። ልዩነቱ፣ የአማተር ሳተላይት ቁጥሯንም ማባዣዋንም በነፃ መስጠቷ ነው።

ፈቃድና ጥርጣሬ

እንቅፋቶቹን ማሳነስ ግን አይገባም። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ የራዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድሩ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣናት አሉ፤ በአማተር ሞገድ ለማስተላለፍ የእነርሱ ፈቃድ ግድ ነው። መስማት ከማስተላለፍ የቀለለ ጉዳይ ቢሆንም፣ ግጭትና ኮንትሮባንድ ባልራቃት የድንበር ከተማ ጣሪያ ላይ የቆመ እንግዳ አንቴና ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ መነሻው የግለሰብ ጣሪያ ሳይሆን የትምህርት ቤት ግቢ ቢሆን፣ ባለሥልጣናቱም አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ከዚህ ባሻገር የቅደም ተከተል ጥያቄ አለ። ውሃ በቦቴ በሚጠበቅበት አካባቢ አንቴና ቅድሚያ ያገኛል ወይ? አንድ መቀበያ ድርቅን አያስቀርም፤ የመድን ስሌትንም በአንድ ጀምበር አያርምም። ነገር ግን ወጪው የውሃን በጀት የሚሻማ አይደለም። ኤሌክትሪክ፣ አንድ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው መምህር ካሉ ሥራው ይጀመራል። ከናይሮቢና ከአዲስ አበባ የሚፈለገውም ከገንዘብ ይልቅ ሁለቱ ባለሥልጣናት በኬላው ላይ ያሳዩትን መተባበር በሞገዱም ላይ እንዲደግሙት ነው።

ሰማይን ማንበብ ለዚህ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። ቦረናዎች 'አያንቱ' የሚሏቸው የዘመን አዋቂዎች ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን እየተከታተሉ 12 ወራትና 27 ስም ያላቸው ዕለታት ያሉትን አቆጣጠር በቃል ጠብቀው ኖረዋል፤ የሥነ ሰብእ ምሁሩ አስመሮም ለገሰም ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተመው ጥናት መዝግቦታል። አያንቱው ከሌላ አገር የሚመጣ ትንታኔ አይጠብቅም ነበር፤ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይቆጥራል፣ ሲጠየቅም ምክንያቱን ያስረዳል።

ዛሬ በሞያሌ ሰማይ የሚያልፉት አዳዲስ ከዋክብት ብዙ ናቸው። በየዕለቱ ከድንበሩ በሁለቱም ወገን ለሚገኙ ተማሪዎች እኩል ይናገራሉ። ከመካከላቸው አንዱ የባትሪዋን ቁጥር ትክክል አይደለም ብሎ ማስረዳት ሲችል፣ የሳሩን ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ተገኘ ማለት ነው።